ጠፍ መሬት ሲያገግም፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ድሮ ይታረስ የነበረ፣ አሁን የተተወ ተዳፋት ብዙ ነው። ስለዚህ መሬት የገባችሁን ጥያቄ አምጡ ብያችሁ ነበር። ጥያቄው ብዙ ስለሆነ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ሁለት ቃዳ መሬት ጦሙን ካደረ አምስት ክረምት ሆነው። ያለው አረም ብቻ ነው። ዛፍ መቼ ይመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አረሙ አያስከፋህ። ማረሻ ሲቆም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ቀጥሎ ሰርዶና ሰንበሌጥ ይይዙታል፤ ከዚያ እንደ ክትክታና አጋም ያለ ቁጥቋጦ ይመጣል። ዛፍ መጨረሻ ነው። ሣር በሁለት ሦስት ክረምት ሊመለስ ይችላል፣ ዛፍ ግን አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። በደረቅ አገር ደግሞ ነገሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ክፉ ድርቅ የሦስት ዓመት ቡቃያ ይጨርሳል። ተከታትሎ የመጣ ጥሩ ዝናብ ደግሞ ብዙ ቡቃያ ባንዴ ያጸናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማንም ካልተከለ ዘሩ ከየት ይመጣል? አፈር ውስጥ ተቀብሮ አለ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አፈር ውስጥ የሚቆየው በብዛት የአረምና የሣር ዘር ነው። የደን ተመራማሪው ደምል ተክታይ የአገራችንን ደን አፈር ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነው። አብዛኛው የአገር በቀል ዛፍ ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይከርምም። ስለዚህ ዛፍ የሚመለሰው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው።

አንዱ ጉቶ ነው። ብሳና፣ ወይራ፣ አባሎ ቢቆረጡም ሥራቸው በሕይወት ካለ ያቆጠቁጣሉ። ከዘር ከሚበቅለው በጣም ይፈጥናል፣ ሥሩ ቀድሞ ጥልቅ ገብቷላ። ሁለተኛው ወፍ ነው። አባቶቻችን ሰው ሳይዘራው የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» የሚሉት በምክንያት ነው። ወፍ የወይራና የአጋም ፍሬ ይበላል፣ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ይኩሳል። ማሳው ውስጥ አንድ ዋንዛ ወይም ግራር ከቆመ፣ ከሥሩ ያለውን ተመልከቱ። ከሌላው ቦታ የበለጠ ቡቃያ ታገኛላችሁ። በአቅራቢያ የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ እድለኞች ናችሁ። ወፉ ፍሬ የሚለቅመው ከዚያ ነው።

እና እባካችሁ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳችሁን በእግር ዙሩት። ጉቶ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ከልለነው ሳለ ግማሹ ራቁቱን ቀረ። ለምን?

መልስ፦ መተው ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። የላይኛው አፈር ታጥቦ ከሄደ የቀረው ይደድራል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው አይሰርግም፣ በላዩ ይፈሳል፤ ዘሩንም ይዞ ይወርዳል። በዚያ ላይ ማረሻችን ዓመት እስከ ዓመት አንድ ጥልቀት ላይ ስለሚሄድ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ፣ ሥር በቀላሉ አይበሳውም። ራቁት በቀረው ላይ የድንጋይ እርከን ሥሩ፤ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶችም ቆፍሩ። የእሾህ ቅርንጫፍ ጣል ጣል ማድረግም ይረዳል፤ ዘርና ደለል ይይዛል።

ጥያቄ፦ እርከን በጎጃም ተሞክሮ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። ደንበጫ አካባቢ አንጀኒ ላይ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጠንቷል። አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን ቀስ በቀስ ደለል እየያዘ ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ አድርጎታል። አንጀኒ ግን ዝናባማ ነው፣ ለበረሃው እንዳለ አይገለበጥም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍ ብንሞላበትስ?

መልስ፦ ለገንዘብ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። ለማገገም ከሆነ አልመክርም። ቻይና ሎስ አምባ በሚባለው ደረቅ ምድር ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበሬዎች ተዳፋት ማረስ እንዲተዉ እህል ተሰጥቷቸው ነበር። ሰፊ ቦታ በዛፍ ተሸፈነ። ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለው መጤ ዛፍ ግን በብዙ ቦታ የጥልቁን አፈር እርጥበት ጠጥቶ አደረቀው። የዓባይ ተዳፋትም የሚያባክነው ውኃ የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከብቶቼን የት ላድርስ? መሬቱ ቢከለል እኔ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው። ሣሩ የእናንተ ካልሆነ ክለላው አይጸናም። ከብቱ አይግባ፣ ሣሩ ግን ዘር ከጣለ በኋላ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨድ። ሥራው ሲጀመር ማን ምን ያህል እንደሚያጭድ ይስማሙ።

ጥያቄ፦ አጋሙን መንጥረን ወይራ ብንተክል አይፈጥንም?

መልስ፦ አይፈጥንም። እሾሁ ፍየል ይከለክላል፣ ጥላው እርጥበት ይይዛል። ወይራውን ከቁጥቋጦው ሥር፣ ክረምቱ ሲጠና ትከሉት። እኔ ከዓመታት በፊት አጋሙን አስመንጥሬ ችግኝ አስተክዬ ነበር። እስከ ጥር አብዛኛው ደረቀ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ዳር ላይ ሳይመነጠር በቀረው አጋም መሃል ግን አንድ ወፍ ዘራሽ ወይራ ለምልሞ ቆሞ ነበር።