መልስ፦ በተማሪ ከተማ ጥሩ የቡናና የምግብ ቤት እንዴት ልምረጥ?

እህቴ፣ ለትምህርት አዲስ ከተማ ልትገቢ ነው፤ ቡና እየጠጣሽ የምታነቢበት፣ ቀለል ያለ ምግብም የምታገኚበት ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ጠይቀሻል።

ከግቢው ዋና በር ፊት ለፊት ባሉት ብቻ አትወሰኚ። እዚያ ኪራዩ ስለሚወደድ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ገባ ብለሽ ጀርባ ያሉትን መንገዶች እያቸው። መምህራንና የግቢው ሠራተኞች የሚመላለሱበት ቤት ካገኘሽ ሞክሪው። እነሱ ተማሪው ለእረፍት ሲሄድም እዚያው ነው የሚበሉት፤ ጥራቱ የወረደ ቤት ደንበኛ አድርጎ አያቆያቸውም። የምግብ ዝርዝሩ አጭር መሆኑም አያስከፋሽ። ጥቂት ዓይነት የሚሠራ ወጥ ቤት ያዘጋጀውን ቶሎ ስለሚጨርስ ምግቡ ትኩስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ምሳ ደግሞ ክፍል ከሚለቀቅበት ሰዓት ቀደም ብለሽ ብዪ፣ ከወረፋ ትድኛለሽ።

ለማንበብ ሶኬት ያለው ጥግ ያዢ፤ ከቡና ማሽኑና ከመፍጫው ራቂ። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ቤቱ ሲሞላ በአንድ ስኒ ቡና ጠረጴዛ ይዘሽ አትዋዪ። ትንንሽ ቤቶች የሚኖሩት ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀያየር ነው። ወይ ሌላ ነገር እዘዢ፣ ወይ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተሻገሪ።

በፈተና ሰሞን የቡናውን ሰዓት አስቢበት። ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነትሽ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣሽው ማታ 3 ሰዓትም ገና ግማሹ አለ። እንቅልፍሽ በቀላሉ የሚረበሽ ከሆነ ከምሳ በኋላ ካፌይን የሌለው ቡና ጠይቂ።