ልጄን ይዤ ቢሮ ልግባ ወይስ ሥራ ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቴ አያት፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፤ አቅምም የላት። የቀጠርኳት ሠራተኛ በአሥራ አንደኛው ቀን «ዓረብ አገር ልሄድ ነው» ብላኝ ወጣች። መንግሥት መሥሪያ ቤት ያለች ጓደኛዬ ልጇን እዚያው ማቆያ ታስገባለች። የእኔ ድርጅትስ ግዴታ የለበትም?
የአሥር ሳምንት ሕፃን እናት፣ ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሥራውን አትልቀቂ፤ ቢያንስ ገና።

ሕጉን ቶሎ እንጨርሰው። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝ ነበር። አንቺን የሚመለከትሽ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጥሻል። ከወለድሽ በኋላም እስከ አራት ወር ድረስ በቀላሉ ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። ማቆያ ግን አያስገድድም። ስለዚህ «ግዴታችሁ ነው» ብለሽ እንዳትገቢ። ሐኪሞቹ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላሉ፣ ሕጉ ደግሞ በሦስተኛው ወር ቢሮ ግቢ ይላል። መሀሉን ማን ይሙላው? ይህን ጥያቄ እኔም ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

መሥሪያ ቤት ያለ ማቆያ ሁሉ ግን ገነት አይምሰልሽ። እኔ መንግሥት ቤት ሳለሁ ሲከፈት መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ ነበርኩ። ክፍሉ የድሮ ፋይል ማስቀመጫ ነበር። ቀለም ተቀባ፣ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቢራቢሮ ተሣለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። በሦስተኛው ቀን ውሃ እንደሌለው ገባን። ልጅ ባጠብን ቁጥር ባልዲ ይዘን ሁለተኛ ፎቅ! ሞግዚቶቹ ሁለት፣ ልጆቹ 14። 11፡00 ሲል ይቆለፋል፣ ስብሰባ ግን 11፡00 ላይ አያልቅም። አንድ ቀን ሮጬ ስወርድ ልጄን ጥበቃው ታቅፎት አገኘሁ። ደግ ሰው ነበር። ቢሆንም ጥበቃ ነው፣ ሞግዚት አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ መንገዱ ነው። ጠዋት 1፡00 ላይ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ መጋፋት፣ ማታም እንደዚያው። ክረምት ሲሆን ደግሞ አታንሺው። ሰርቪስ ከሌላችሁ አንቺ የሚያዋጣሽ አያት ቤትሽ አጠገብ ያለ ማቆያ ነው። ድርጅቱ ከክፍያው የተወሰነውን ቢሸፍንልሽ ክፍል ከማደራጀት ለእሱም ይቀላል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከውስጥ የሚቆለፍ አንዲት ክፍል፣ ወንበርና ፍሪጅ ይስጡሽ። አልበሽ ያስቀመጥሽው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን፣ ከፍሪጅ ውጭ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ሽንት ቤት ገብተሽ እለባለሁ እንዳትዪ።

ብቻሽን አትጠይቂ። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን ባልደረቦችሽን ቁጠሪ። ወንዶቹንም ጨምሪ። አለበለዚያ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ የሒሳብ ሰው አይደለሽ? ሒሳቡን ሥሪላቸው። ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ አዲስ ሰው እስኪለምድ የሚባክነው ወር፣ ሁሉም ይግባ። የሰባት ዓመት ሠራተኛ ብትወጣ ሰኔ 30 ሒሳቡን ማን ሊዘጋ ነው? ይህን ሲሰሙ ሥራ አስኪያጆች ቀና ይላሉ፤ ስለ ጡት ስታወሪ ግን ወደ ስልካቸው ያያሉ። አይቼዋለሁ።

እስከዚያው የዓመት ፈቃድሽን አትርሺ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ባንቺ ሰባት ዓመት 19 ቀን ይመጣል፣ አራት ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ካልወሰድሽው ከወሊድ ፈቃዱ ጋር እንዲያያዝልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገቢ፤ መቀበላቸውንም ቅጂው ላይ አስፈርሚ።