ኦፕሽን ከሚጫወት ቡድን ጋር ልጅህ ሲገጥም

ወንድሜ፣ «ልጄ በአሜሪካን ፉትቦል ዲፌንሲቭ ኤንድ ነው (የመከላከያው መስመር ዳር ላይ የሚቆም)፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትሪፕል ኦፕሽን (ከሦስት ሯጮች ኳሱን ማን እንደሚይዝ እየተጫወቱ የሚወስኑበት ስልት) ከሚጫወት ቡድን ጋር አለባቸው፤ ምን ልምከረው?» ብለህ ጠይቀሃል። የእኔም ልጅ እዚሁ ሜሪላንድ ሃይስኩል እያለ በዚያው ቦታ ተጫውቷል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ኳሱን አትከተል በለው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን ልጅህን ብሎክ የሚያደርግ፣ ማለትም በአካሉ ገፍቶ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ይመድብበታል። እነዚህ ግን ሆን ብለው ማንም ሳይነካው ይተዉታል። ኳርተርባኩ (ጨዋታውን የሚመራው) ኳሱን ፉልባኩ (በመሃል የሚሮጠው) ሆድ ላይ አስደግፎ የሚያየው ልጅህን ብቻ ነው። ልጅህ ወደ ፉልባኩ ከገባ ኳሱን ስቦ ራሱ በውጭ በኩል ይሮጣል። ካልገባ ለፉልባኩ ይለቅለታል። ወጣ ብሎ ደግሞ እንደዚሁ የተተወ ሁለተኛ ተከላካይ አለ። እሱ ኳርተርባኩን ሊይዝ ሲመጣ ኳሱ በውጭ በኩል አጠገቡ ለሚሮጠው ሦስተኛ ሯጭ፣ ለስሎትባኩ፣ ይወረወራል። እንግዲህ አስበው፤ ማንም ሳይነካቸው ሁለት ተከላካዮች ከጨዋታ ወጡ። እነሱን ብሎክ ያደርጉ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ሄደው ላይንባከሮቹን (ከመስመሩ ኋላ የሚቆሙትን ተከላካዮች) ይጠርጋሉ።

ትንሹ ቡድን ትልቁን የሚፈትነው በዚህ ነው። አናፖሊስ ያለው የባህር ኃይል አካዳሚ፣ ኔቪ፣ በታዋቂው የኮሌጅ ቡድን በኖትረዳም 43 ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 በሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት 46 ለ 44 ያሸነፈው ኦፕሽን እየተጫወተ ነው። የምድር ጦር አካዳሚው ቡድን አርሚ ደግሞ በ2018 ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሄዶ ከ60ው ደቂቃ 45 ያህሉን ኳሱን ይዞ ዋለ። በዚያው ዓመት ሃይዝማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) የወሰደው የኦክላሆማ ኳርተርባክ ካይለር መሪ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ቆሞ ነው ያየው። አርሚ የተሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት፣ 28 ለ 21 ነው።

2. ልጅህ ማንን እንደሚይዝ አሰልጣኙን ጠይቅ። አንዱ ፉልባኩን፣ አንዱ ኳርተርባኩን፣ አንዱ ስሎትባኩን መያዝ አለበት። ኳስ ኖራቸውም አልኖራቸውም! እኔ ይሄንኑ ከልምምድ በኋላ በትህትና ጠየቅኩ። የልጄ አሰልጣኝ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ወላጆች ቦታቸው መቀመጫው ላይ ነው» አለኝ። ለልጆቹ የሰጠው መመሪያ ደግሞ «ኳስ ያለበት ሁላችሁም ድረሱ» የሚል ነበር። ኦፕሽን የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

የሆነውም ያው ነው። ልጄ ኳስ የሌለውን ፉልባክ ይዞ ሲጥል ኳርተርባኩ ከጀርባው ያልፋል። ቀጥሎ ኳርተርባኩን ሲጠብቅ ፉልባኩ በመሃል ሰንጥቆ ይሄዳል። አሰልጣኙ ጥፋቱን ሁሉ ልጄ ላይ ደፍቶ ሰው ፊት ጮኸበት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምን ያድርግ ሳይባል የወጣ ልጅ እንዴት ይወቀሳል?

እረፍት ላይ ግን ልጄና ከኋላው የሚቆመው ላይንባከር ራሳቸው ተነጋገሩ። «እኔ ሁሌም ፉልባኩን እይዛለሁ፤ አንተ ተሻግረህ ኳርተርባኩን ያዝ» ተባባሉ። ኳርተርባኩ ልጄ ሲገባ አይቶ ኳሱን ይስባል፤ ላይንባከሩ ፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚያ በኩል መንገዱ ተዘጋ። የ16 ዓመት ልጅ ነው ይሄን ያሰበው፤ ብኮራበት አይፈረድብኝም።

3. ሴፍቲውን (ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ተከላካይ) አደራ። እኛ የተሸነፍነው በእሱ በኩል ነው። ሩጫውን ለማገዝ ወደ ፊት መምጣት ሲያበዛ ጠበቁትና በላዩ ላይ ረጅም ኳስ ጣሉበት። ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ የዋሉት ለዚያች አንድ ኳስ ነበር። የሱን አባት የምታውቀው ከሆነ ዛሬውኑ ደውልለት።

ልምምድ ላይም ያለ ኳስ እንዲሞክሩት አሰልጣኙን ለምነው። ኮሌጅም ኦፕሽን ሲገጥማቸው እንዲህ የሚለማመዱ አሉ፤ ኳሱ ከሌለ ተከላካዩ የራሱን ሰው ብቻ ያያል። እምቢ ካለህ ልጅህና ላይንባከሩ እናንተ ጓሮ ይገናኙ፤ አንተ ኳርተርባክ ሁንላቸው።