መልስ፦ ከመንገድ መሪ ጋር መራመድ ምን ይጨምራል?

«ብቻዬን መራመድ እየቻልኩ ገጠር ለገጠር ከመሪ ጋር ለምን እሄዳለሁ?» ላልከው፣ እኔም እንደዛው አስብ ነበር። ልዩነቱ የገባኝ መሪያችን ቆም ብሎ አንድ ድንጋይ ሲያገላብጥ ነው። ከስሩ ጉንዳኖች ነጫጭ እጮቻቸውን በአፋቸው ይዘው ወደ ጨለማው ሲሮጡ አየን። ከዛ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ብቻዬን ብሆን ረግጬው ነበር የማልፈው።

ጃፓኖች በ1982 እ.ኤ.አ. ጫካ ውስጥ በዝግታ መቆየትን «ሺንሪን ዮኩ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ በደን መታጠብ እንደማለት ነው። ርቀቱ አያስጨንቅህ። በሁለት ሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ይበቃል። አነስ ያለ ቡድን ምረጥ፤ ሰው ሲበዛ ኋላ ያለው አይሰማም፣ ወፎቹም ይሸሻሉ። ጫማህ የለመድከው ይሁን። ያላወቅከውን ሁሉ ደግሞ ሳታፍር ጠይቅ።