ያረፉ የሮክ ሙዚቀኞች፦ ከጋሽ ሰለሞን ጋር ጥያቄና መልስ

ጋሽ ሰለሞን፦ እሺ እንጀምር። ስላረፉት የሮክ ሰዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ በተለይ ስለ ድራመሮቹ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ሁሌ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ብቻ ነው የሚወራው። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አሟሟት ብቻ አትጠይቁኝ፣ ሰውየው የሞተው አንድ ቀን ነው፣ የተጫወተው ግን ስንት ዓመት ነው። ሌላው ደግሞ የምነግራችሁን ዘፈን በስልክ ስፒከር አትስሙ፣ ቤዝ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አይሰማም፣ ኢርፎን አድርጉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ናሆም፦ ጋሼ ከሁሉም ማን ይበልጣል?

ጋሽ ሰለሞን፦ በምኑ? በድምፁ ነው በጊታሩ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀጥሉ።

ቤቲ፦ ጋሽ ሰለሞን የጆን ቦናም ነገር ምኑ ነው? ወንድሜ ሌት ተቀን የሚያወራው ስለሱ ነው፣ እኔ ግን ድራም ያው ድራም ነው የሚመስለኝ።

ጋሽ ሰለሞን፦ ወንድምሽ እውነቱን ነው። ቦናም በ1948 ሬዲች የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ፣ ሌድ ዜፕሊን በ1968 ሲቋቋም ገባ፣ እስከ 1980 ድረስ ባንዱ ሌላ ድራመር አያውቅም። ሰው ስለሱ ሲያወራ ጉልበቱን ነው የሚያነሳው፣ አዎ በኃይል ይመታል፣ ግን በኃይል የሚመታ ሞልቷል። የሱ ነገር ቀኝ እግሩ ላይ ነው። የ1969ኙን የመጀመሪያ አልበማቸውን ክፈቺና የመጀመሪያውን ዘፈን ስሚ፣ ቤዝ ድራሙ ሁለት እግር የሚመታው ነው የሚመስለው፣ ግን አንድ ፔዳል አንድ እግር ነው። ከዚያ የአራተኛውን አልበም የመጨረሻ ዘፈን ስሚ፣ 1971 ነው የወጣው። ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው የቀዱት፣ ድራሙን ከደረጃው ሥር አዳራሹ ላይ አደረጉትና ኢንጂነሩ አንዲ ጆንስ (እሱም አርፏል) ሁለት ማይክ ብቻ ከላይ ከደረጃው ላይ ወደ ታች አንጠለጠለ። ቤዝ ድራሙ ፊት ማይክ የለም፣ ስኔሩም (በዱላ የሚመታው ትንሹ ድራም) ላይ የለም። ያ የምትሰሚው ግዙፍ ድምፅ እንግዲህ የቤቱ ጣሪያና ግድግዳ ከቦናም ጋር አብሮ ሲጫወት ነው። እና ደግሞ አይቸኩልም፣ ምቱን ትንሽ ዘግየት አድርጎ ነው የሚያሳርፈው፣ ዘፈኑ የሚከብደው በዚያ ነው። ራፐሮቹ ቢስቲ ቦይስ በ1986 ያንን ምት እንዳለ ቆርጠው ወስደው አልበማቸውን ከፍተውበታል። በኢርፎን ስሚው እሺ?

ዮናስ፦ ቦናም ሲሞት ስንት ጠርሙስ ቮድካ ነበር የጠጣው?

ጋሽ ሰለሞን፦ አሟሟት አትጠይቁኝ አላልኩም? መጠጥ ነው የቀጠፈው፣ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትጠይቅ ይሻልህ ነበር። የቀሩት ሦስቱ በዲሴምበር 1980 ያለሱ አንቀጥልም ብለው ባንዱን ዘጉት፣ ያኔ የዓለም ትልቁ ባንድ ናቸው፣ ድራመር ቀጥረው ገንዘብ መሰብሰብ ይችሉ ነበር። በ2007 ለንደን ኦቱ አሬና ላይ ተመልሰው ሲጫወቱ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ልጁ ጄሰን ነው።

ራሄል፦ ለኛ ድርቅ የተደረገው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ዜፕሊኖች ነበሩ ይባላል፣ ቦናም ከሌለ ማን መታ?

ጋሽ ሰለሞን፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ነበሩ። ጁላይ 13 1985፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ፊላደልፊያ። ድራም ላይ ሁለት ሰው ነው የተቀመጠው፣ ፊል ኮሊንስና ቶኒ ቶምፕሰን። ኮሊንስ በዚያው ቀን ለንደን ዌምብሌይ ተጫውቶ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ነው የደረሰው፣ ልምምዱም እንደነገሩ ነው። አልሆነም። ሁለቱም አንደኛ ደረጃ ድራመሮች ናቸው፣ ቶምፕሰን ሺክ የሚባለውን ባንድ የተሸከመ ሰው ነው፣ በ2003 አርፏል፣ ነፍሱን ይማር፣ ግን ለሁለት ሆነው የአንዱን ሰው ቦታ መሙላት አልቻሉም። ዜፕሊኖች ራሳቸው አልወደዱትም፣ በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ የኛ ክፍል አይግባ ብለው አስቀሩት። ቦናም ምን እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ ያንን ቀን ይስማ።

ሚኪ፦ ኢትዮጵያ ከተነሳ ቦብ ማርሌ ለምን ተረሳ?

አቤል፦ ማርሌ ሬጌ ነው ወንድሜ፣ እዚህ የሚወራው ስለ ሮክ ነው።

ሚኪ፦ ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም (የሮክ ሰዎች የክብር መዝገብ) በ1994 አስገብቶታል እኮ።

አቤል፦ እዚያማ ራፐርም ገብቷል፣ እሱ መለኪያ አይሆንም።

ሰሎሜ፦ ሮክ ሆነ አልሆነ የኛ ሰው ነው፣ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቆ ነው ያረፈው፣ ኪንግስተን ላይ ሽኝቱ ሲደረግም ጸሎቱን ያደረሱት የኛ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ናቸው። በ2005 መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱ ሲከበርለት አገር ምድሩ ነበር የወጣው።

አቤል፦ እህቴ እሱን ማን ካደ፣ መጠመቁ ሮከር ያደርገዋል ወይ ነው የኔ ጥያቄ።

ጋሽ ሰለሞን፦ ይብቃችሁ። ማርሌን ካነሳችሁ አይቀር ካርልተን ባሬትን አንሱልኝ፣ የማርሌ ባንድ የዌይለርስ ድራመር፣ ማርሌ ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1987 ኪንግስተን ላይ ተገደለ፣ ስሙን እንኳ የሚጠራው ጥቂት ነው። ከአራቱ ምት የመጀመሪያውን ባዶ ይተወውና ሦስተኛው ላይ ቤዝ ድራሙን ከስኔሩ ጋር አብሮ ይጥለዋል። በማርሌ ዘፈን ሁሉ የምትወዛወዙበት እሱ ነው። ይህም በስልክ ስፒከር አይሰማም።

ትዕግስት፦ ዘፋኙ ቼስተር ቤኒንግተን ካረፈ ጀምሮ ሊንኪን ፓርክ መስማት አልቻልኩም፣ ስለሱ የሆነ ነገር በሉን።

ጋሽ ሰለሞን፦ 2017 ነው፣ በ41 ዓመቱ፣ ያሳዝናል። ስለሱ እዚህ ያሉት ልጆች ከኔ በላይ ያጫውቱሻል። ሲከብድሽ ግን ብቻሽን አትሁኚ፣ ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪ።

ኪሩቤል፦ የ27 ክለብ እውነት ነው? ሄንድሪክስ ጃኒስ ሞሪሰን ኮቤይን ሁሉም በ27 ዓመታቸው እኮ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የሆነ ስምምነት ነበራቸው ሲባል ሰማሁ።

ጋሽ ሰለሞን፦ የለም። 27 የሆናቸውን ለቅሞ መቁጠር ነው እንጂ ክሊፍ በርተን 24 ነበር፣ ራንዲ ሮድስ 25፣ ባዲ ሆሊ 22፣ ቦናምና ኪት ሙን 32። ዩቲዩብ ላይ አሟሟት የሚተርኩ ሰዎችን አትስሙ።

ናሆም፦ እሺ ከድራመሮችስ ማን ይበልጣል? ደግሞ ቦናምን አሁን ሰማሁት፣ የተለየ ነገር የለውም።

ጋሽ ሰለሞን፦ በምን ሰማኸው?

ናሆም፦ በስልኬ።

ጋሽ ሰለሞን፦ በኢርፎን ሰምተህ ተመለስ፣ ሌላ መልስ የለኝም።

ቤቲ፦ ጋሼ እኔ ሰማሁት፣ እንዳሉት ነው፣ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ቀጥሎ ማንን ልስማ?

ጋሽ ሰለሞን፦ ተባረኪ። ኪት ሙንን ስሚ፣ ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ድራመር፣ ከ1964 እስከ 1978። የቦናም ተቃራኒ ነው፣ አንድ ቦታ ረግቶ ምት አይጠብቅም፣ ዘፋኙን ነው የሚከተለው፣ ድራሙ ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። የ1971ዱን አልበማቸውን የመጨረሻ ዘፈን ክፈቺ፣ ስምንት ደቂቃ ተኩል ነው። ሲንተሳይዘሩ (የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርዱ) ቀድሞ የተቀዳ ስለሆነ አይጠብቀውም፣ ያ ረግቶ አይመታም የሚባለው ሰው በጆሮው እየሰማ ከማሽን ጋር እኩል ሄዶ ነው የጨረሰው። መጨረሻው አካባቢ ሁሉም ዝም ብሎ ሲንተሳይዘሩ ብቻውን ይቀራል፣ እዚያ ጋ እንዳትዘጊው፣ ድራሙ ብቻውን ተመልሶ ይገባል።