ግራፊን ላይ የሚቀረው የእጃችን ሥራ

ወደ ግራፊን ምርምር ለምትገቡ ልጆቼ፣

በሙያው ካረጀሁ በኋላም የሚከነክነኝን ነገር ልጽፍላችሁ። መሣሪያው የሚሰጣችሁ ቁጥር የግራፊኑ ብቻ አይደለም፤ ንጣፉ በእጃችሁ ያለፈበት መንገድም አብሮ ይለካል።

ግራፊን ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። በወፍራም ሽቦ ላይ ያረፈ እድፍ ከላይ ይቀራል፤ ኤሌክትሮኖቹ በሆዱ ያልፋሉ። ግራፊን ግን ሆድ የለውም፤ ሁለመናው ቆዳ ነው።

በመዳብ ላይ ያደገውን ንጣፍ ለማንሣት ፖሊመር እንቀባዋለን፣ መዳቡን በብረት ክሎራይድ እናሟሟለን፣ ከዚያም ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ስስ ነገር በሲሊከን ቁራጭ ቀስ ብለን እንጨልፈዋለን። በወጣትነቴ ይህን አድርጌ፣ ፖሊመሩን በአሴቶን አጥቤ፣ ትራንዚስተር ሠርቼ ለካሁ። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከፍ የሚልበት ነጥብ በዜሮ የጌት ቮልቴጅ (በንጣፉ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት የምንቆጣጠርበት ቮልቴጅ) አካባቢ መሆን ሲገባው ከ50 ቮልት በላይ ሸሽቶ አገኘሁት። ለሳምንታት ግራፊኑ ያደገበትን ምድጃና ጋዝ ስወቅስ ከረምሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፦ አሴቶኑ ሳይለቀለቅ ደርቆበታል፣ ከሥሩም ውኃ ታምቆ ቀርቷል። ሁለቱም ኤሌክትሮን ይነጥቁት ነበር።

ቁራጩን በቫክዩም (አየሩ በተመጠጠ ዕቃ) ውስጥ ሳሞቀው ነጥቡ ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። አየር ሲነካው እንደገና ሸሸ። ማሞቅ የፖሊመሩን ቅሪት ቢቀንስም ንጣፉን ከሥሩ ካለው የሲሊከን ኦክሳይድ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ የአየሩ ኦክስጅንና እርጥበትም ከበፊቱ ብሶ ይሠራበታል። «አሙቀነዋል፣ ንጹሕ ነው» ሲሏችሁ፣ የተለካው በቫክዩም ነው ወይስ በአየር ብላችሁ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከግራፊኑ ሥር ያለውን ኦክሳይድ በአሲድ አስወግደው ንጣፉን አንጠለጠሉት። ማንጠልጠሉ ብቻውን ያን ያህል አልጠቀመም። ጅረት አሳልፈው ሲያግሉትና እድፉ ሲለቅ ግን፣ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ የኤሌክትሮኖቹ ተንቀሳቃሽነት (በኤሌክትሪክ መስክ ሲገፉ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሄዱ) ከ200,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር በቮልት ሰከንድ አለፈ። በሲሊከን ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 10,000 አካባቢ ነው። ካርቦኑ ያው ካርቦን ነው! ይህን ባሰብሁ ቁጥር፣ በችኮላ ሠርተን «ደካማ ናሙና» ብለን የጣልናቸው ቁራጮች ያሳዝኑኛል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊትና በኋላ ለኩ። ንጣፉ ውኃ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከምድጃ ወጥቶ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንዳደረ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ስሕተታችሁንም ቢሆን። አሴቶኑም ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ እያለ፣ በአይሶፕሮፓኖል አለቅልቁት።