ማርማላታዬ ለምን አረረ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በ2 ኪሎ የጨንቻ ፖም ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ማርማላታ ልሠራ ተነሳሁ። አሠራሩ 104 ዲግሪ ይድረስ ስለሚል ቴርሞሜትር ይዤ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ሳይደርስ ሥሩ አረረብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም! 104 ዲግሪ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ለሚያበስል ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ለተለመደው ማርማላታ 96 ይበቃል። ለተፈጨ ፖም ግን ቴርሞሜትሩን ተዪው። ፖሙን ከነልጣጩ ቀቅለሽ በወንፊት አሳልፊው፣ ከዚያ በሰፊ ድስት፣ በጣም ለስላሳ እሳት፣ በእንጨት ማማሰያ ሥሩን እየነካሽ አማስዪው። ስኳር ቶሎ ያሳርራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አትጨምሪው፤ ወፈር ሲል ለ1 ኪሎ ፖም 250 ግራም ይበቃዋል። ቅርንፉድ ከ2 ፍሬ አይለፍ፣ ጣዕሙን ይውጠዋል። ልታወርጂው ስትይ የተወቀጠ ኮረሪማ ቆንጠር አድርጊበት፤ እኔ ያለ ኮረሪማ አልሠራም። ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ ጠብ አድርገሽ ዙሪያውን ውሃ ካልለቀቀ ደርሷል። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ፍሪጅ አስገቢውና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨርሺው።